ቤቴል አስቀድሞ ሎዛ ትባል ነበር

በ310 ዓ.ም. ገደማ አምስት ግብፃውያን ክርስቲያኖች በፍልስጥኤም ቂሣርያ በሮማዊው ገዥ በፊርሚሊያኖስ ፊት ለፍርድ ቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን ያቆየልን በኋላ የዚያችው ከተማ ጳጳስ የሆነው አውሳብዮስ ነው። ሰዎቹ በኪልቅያ ወደሚገኘው የማዕድን ማውጫ በግዞት የተላኩ የእምነት ወንድሞቻቸውን ሸኝተው ሲመለሱ በከተማዋ በር ላይ ተያዙ። ገዥው ስማቸውን በጠየቃቸው ጊዜ ወላጆቻቸው በጣዖታት ስም ያወጡላቸውን ስም ትተው ኤልያስ፣ ኤርምያስ፣ ኢሳይያስ፣ ሳሙኤልና ዳንኤል እንባላለን አሉ። አገራችሁስ የት ነው ሲላቸው በስማቸው የሚናገረው ሰው «ኢየሩሳሌም» ብሎ መለሰ። ገዥው ይህን ስም አላወቀውም። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ከተማይቱን ኤልያ ካፒቶሊና ብሎ ከሰየማት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አልፎ ነበርና በሮም ሹማምንት ዘንድ የሚታወቀው ይኸው አዲሱ ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ ፊርሚሊያኖስ ክርስቲያኖቹ ለሮም ጠላት የምትሆን ከተማ በአንድ ስውር ስፍራ የመሠረቱ መስሎት የት እንዳለች እንዲያወጣ ሥቃዩን አጸናበት። ሰውየው ግን በምሥራቅ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለች የእግዚአብሔር ሰዎች አገር ናት ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረም፤ በመጨረሻም ከጓደኞቹ ጋር በሰይፍ ተቀላ።

ይህ ታሪክ ከሰማዕትነቱ ባሻገር ስለ ቦታ ስም የሚነግረኝ ብዙ ነው። በአንድ ችሎት ላይ አንዲት ከተማ ሦስት ሆና ቀርባለች፤ ድንጋይና ግንብ ያላት ምድራዊት ከተማ አለች፣ ኃያል ገዥ የጫነባት ስም አለ፣ ሰማዕቱ በልቡ የያዛት ሰማያዊት አገርም አለች። ክርስቲያኖች ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት አገርንና ከተማን፣ ወንዝንና ተራራን ሲሰይሙ የኖሩት በእነዚህ በሦስቱ መካከል እየተመላለሱ ነው። እኔም ስለ ቦታ ስሞች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳወዳድር ኖሬ የደረስኩበት እምነት አንድ ነው፤ ቅዱስ ስም ለአንድ ቦታ የሚገባው በዚያ ስፍራ ለተደረገ ነገር ምስክር ሆኖ ሲቆምና ከእርሱ በፊት የነበረውን ስም ሳያጠፋ ሲቀመጥ ነው። ይህን ሚዛን ያገኘሁት ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት 28ኛው ምዕራፍ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ ሲሄድ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ ሜዳ ላይ ተኛ። በሕልሙ ከምድር እስከ ሰማይ የተዘረጋ መሰላል፣ በላዩም የሚወጡና የሚወርዱ መላእክትን አየ። ሲነጋ የተንተራሰውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፣ ዘይት አፈሰሰበት፣ ስፍራውንም የእግዚአብሔር ቤት፣ ማለትም ቤቴል ብሎ ጠራው። ጸሐፊው በዚሁ ማቆም ይችል ነበር፤ ለታሪኩ የሚጎድለው ነገር አልነበረም። ግን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ የከተማይቱ ስም አስቀድሞ ሎዛ እንደነበረ ይነግረናል። ያዕቆብ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር፣ ለሚኖሩበትም ስም እንዳወጡለት የሚመሰክር ይህ አጭር ቃል እስካሁን ድረስ የአባቶችን ታሪክ ከሚያነብ ሰው ሁሉ ጋር ይኖራል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በመጽሐፈ መሳፍንት የመጀመሪያ ምዕራፍ የዮሴፍ ወገን ቤቴልን ሊይዝ በመጣ ጊዜ ሰላዮቹ ከከተማይቱ ሲወጣ ያገኙት አንድ ሰው መግቢያውን አሳያቸው፤ እነርሱም ከተማይቱን በሰይፍ ሲመቱ እርሱንና ቤተ ሰቡን ለቀቁ። ይህ ሰው ወደ ኬጢያውያን አገር ሄዶ ከተማ ሠራ፤ ስሟንም ሎዛ አላት። ስሙ የማይታወቅ አንድ ተሰዳጅ የጠፋችውን የትውልድ ከተማውን ስም ተሸክሞ በባዕድ ምድር እንደገና ተከላት ማለት ነው። ቅዱስ ስም ከአገር አገር ተሸክሞ መትከል የምእመናን ብቻ ልማድ ይመስለን ይሆናል፤ መጽሐፉ ግን ይህንኑ ሥራ ሲሠራ የሚያሳየን በሌላው ወገን የቆመን ሰው ነው። ይህን ቦታ ባነበብኩት ቁጥር የመጽሐፉ ፍትሐዊነት ይደንቀኛል።

ሌሎቹም የብሉይ ኪዳን ስያሜዎች አብዛኞቹ የአንድ ቀን ሥራ መታሰቢያ ናቸው። ያዕቆብ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አይቶ በሕይወት የተረፈበትን ስፍራ ጵኒኤል አለው። እስራኤል ውኃው መርሮ ያልጠጡበት ቦታ ማራ ተባለ። ሳሙኤል ከድል በኋላ ያቆመው ድንጋይ አቤንኤዘር ነው። በሐዲስ ኪዳንም በይሁዳ ገንዘብ የተገዛው መሬት አኬልዳማ፣ የደም መሬት፣ ተብሎ ቀረ። ከእነዚህ መካከል ክብርን ብቻ የሚናገሩ ጥቂቶች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ ማጉረምረምና ክህደትም ስም ሆነው ተቀምጠዋል።

ነቢያት ደግሞ ስም ሊነጠቅ እንደሚችል አሳይተዋል። ንጉሥ ኢዮርብዓም በቤቴል የወርቅ ጥጃ ካቆመ በኋላ ነቢዩ ሆሴዕ ያቺን ስፍራ ቤትአዌን እያለ፣ የክፋት ቤት እያለ ይጠራታል። ያዕቆብ በዘይት የቀባት ቤቴል፣ የመላእክት መሰላል የታየባት ቤቴል፣ በስሟ ምክንያት ከፍርድ አላመለጠችም። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ፤ በክርስትና ታሪክ ውስጥ ከቅዱስ ስማቸው ጋር ያልኖሩ ቦታዎች አሉና።

ኢየሩሳሌምን ተሸክሞ ወደ ራስ ምድር ማምጣት የሚባለው ነገር ላሊበላ ላይ ከየትም በላይ ጎልቶ ይታያል። ቦታው የቀደመ ስሙ ሮሐ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ ካሠራቸው ከዐለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት መካከል አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው፤ መቃብረ አዳም አለ፣ ቤተ ልሔም አለ፣ ሁለቱን ታላላቅ ክፍሎች የሚለየው ወራጅ ውኃ ዮርዳኖስ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ሰላሐዲን በ1187 ኢየሩሳሌምን ስለያዘ ንጉሡ ለተሳላሚዎች ምትክ ከተማ ሠራ የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ ብቻውን አያጠግበኝም፤ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ዘመን በኋላም ወደ ኢየሩሳሌም መሄዳቸውንና በዚያ መኖራቸውን አላቋረጡም። የመንገድ መዘጋት የወለደው ምትክ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ስሙ ይረሳ ነበር።

እኔ የምረዳው ከሥርዓተ አምልኮው በኩል ነው። በጥምቀት በዓል ታቦታቱ ወጥተው ካህናቱና ምእመናኑ ወደ ውኃው ሲወርዱ የሚሄዱት ወደ ዮርዳኖስ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት የሚሰገደው ጎልጎታ በሚባል ቤት ውስጥ ነው። ስሙ ለሩቅ አገር ማስታወሻ ተብሎ የተለጠፈ ሳይሆን ምእመኑ በእግሩ የሚሄድበት፣ በጉልበቱ የሚሰግድበት መንገድ ነው። ንጉሡ ቦታዎቹን በኢየሩሳሌም ስም ሲጠራ ሕዝቡ ደግሞ ከተማውን በንጉሡ በቅዱሱ ስም ጠራው፤ ሮሐ የሚለውም ስም ከመጻሕፍትም ከሰው አፍም አልወጣም። ከቤቴልና ከሎዛ የተማርነው ልማድ እዚህ ሳይሸራረፍ ቆሟል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥራ በሩሲያ ተሠርቷል። ፓትርያርክ ኒኮን በ1656 ከሞስኮ በስተ ምዕራብ በኢስትራ ወንዝ ዳር የአዲሲቱን ኢየሩሳሌም ገዳም መሠረተ፤ ዋናው ቤተ ክርስቲያን በኢየሩሳሌም የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን አምሳል እንዲሠራ አደረገ፤ ወንዙን ዮርዳኖስ፣ በዙሪያው ያሉትንም ኮረብቶች ጽዮን፣ ደብረ ዘይትና ታቦር አላቸው። ነገር ግን ፓትርያርኩ ከዛር አሌክሲስ ጋር ተጣልቶ በ1666 በተሰበሰበው ጉባኤ ሲፈረድበት ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ እነዚህን ቅዱሳት ስሞች ለገዛ ሥራው መስጠቱ ነበር። ክሱ ግፍ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የጠየቀው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ኢየሩሳሌም የሚለውን ስም ለማውጣት ሥልጣን ያለው ማን ነው? በላሊበላ መልሱን የሰጠው የዘመናት ጸሎት ነው፤ በሞስኮ አጠገብ ግን ጉባኤው የሥልጣን ጥማት አድርጎ ቆጠረው። ገዳሙ በ1941 በጦርነት ፈንድቶ ፈርሶ የነበረ ሲሆን ዛሬ ታድሶ በዚያው ስሙ ይጠራል።

በኢትዮጵያ ምድር ደብር የሚለውን ቃል ይዘው የተሰየሙት ቦታዎች ብዛት ለብቻው ጽሑፍ የሚፈልግ ነው፤ ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ሊባኖስ እያልን የመጽሐፉን ተራሮች አንድ በአንድ እንቆጥራለን። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያለው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1445 ነው። እዚህም የቀደመው ስም በገዳሙ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የአገር ስም ግን ከከተማ ስም በተለየ መንገድ ይመጣል፤ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ከክርስትና ብዙ ዘመን በፊት በሆሜር ግጥሞች ውስጥ ይገኛል፤ በአገር ውስጥ ትውፊት ደግሞ ኢትዮጲስ ከተባለ ንጉሥ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ መነሻው ክርስቲያናዊ ነው ማለት አይቻልም። ክርስቲያናዊ ያደረገው የመጣበት መንገድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የተጀመረው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ዕብራይስጡ ኩሽ የሚለውን ምድር አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያ ብሎ በግሪክኛ አስቀመጠው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ባስቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ የግዕዙ ክፍል ሐበሻን ሲል ግሪክኛው በዚያው ቦታ ኢትዮጵያውያንን ይላል። የሚገርመው በዚያው ጽሑፍ ንጉሡ ከሚገዛቸው ሕዝቦች መካከል ካሱ፣ ማለትም ኩሽ፣ ለብቻው ተጠቅሶ መገኘቱ ነው፤ ይህም ስሙ ገና ከአገር አገር እየተሸጋገረ፣ ማረፊያውን እየፈለገ የነበረበትን ጊዜ ያሳየናል። መጻሕፍቱ ወደ ግዕዝ ከተመለሱ በኋላ ግን ነገሩ ረጋ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን መዝሙር የሚደግም ካህን፣ በሐዋርያት ሥራ 8ኛው ምዕራፍ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ ጥምቀት የሚያነብ ዲያቆን ስሙን የሚሰማው ስለ ራሱ ምድር እንደተነገረ አድርጎ ነው። ሊቃውንቱ የጃንደረባው ንግሥት በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የመርዌ ንግሥት እንደነበረች ቢያስረዱም ይህ የስሙን ኃይል አይቀንሰውም፤ አንድ ሕዝብ በመጽሐፍ ውስጥ ያገኘውን ስም ተቀብሎ ሊኖርበት መወሰኑ ራሱ ታሪክ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ፍጹም የተለየው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመርከብ የተነሡት የስፔንና የፖርቱጋል ሰዎች ልማድ ነው። እነዚህ ሰዎች ምድር ባዩ ጊዜ የሚጠይቁት የነዋሪውን ስም ሳይሆን የዕለቱን በዓል ነበር። ኮሎምበስ በጥቅምት 1492 መጀመሪያ የደረሰባትን ደሴት ሳን ሳልቫዶር፣ ቅዱስ መድኃኒ፣ አላት፤ ነዋሪዎቿ ጓናሃኒ እንደሚሏት ግን ራሱ በጻፈው ደብዳቤ አስፍሯል። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ወር እሑድ ቀን ያያትን ደሴት በዕለተ ሰንበት ስም ዶሚኒካ ብሎ ሰየማት። በ1498 ሦስተኛ ጉዞውን ሲጀምር መጀመሪያ የማየውን ምድር በቅድስት ሥላሴ ስም እጠራለሁ ብሎ ተስሎ ነበርና በሐምሌ መጨረሻ ሦስት ኮረብቶች በአንድነት ብቅ ሲሉ ባየ ጊዜ ትሪኒዳድ አላት። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1497 የልደት በዓል ዕለት በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ሲያልፍ ያየው ምድር ናታል ተባለ። የፋሲካ ደሴት በ1722 በትንሣኤ ዕለት የደረሱባት የሆላንድ መርከበኞች ያወጡላት ስም ነው።

በትሪኒዳድ ስም ውስጥ እውነተኛ ጸሎት አለ ብዬ አምናለሁ፤ ውኃ እያለቀበት፣ ሕመም እየጠናበት የተጓዘ ሰው ስእለቱን ሲፈጽም ማየት ልብ ይነካል። በዶሚኒካ ግን ሌላ ነገር ይሰማኛል። የካሊናጎ ሕዝብ ያችን ደሴት ዋይቱኩቡሊ ይላት ነበር፤ ቁመቷ ረጅም ነው ማለት ነው ይባላል፤ ከባሕር ቀጥ ብለው የሚነሡትን ተራሮቿን ያየ ሰው ያወጣው ስም እንደሆነ ግልጽ ነው። አንዱ ስም ምድሪቱን አይቶ የተሰጠ ነው፣ ሌላው ግን የቀን መቁጠሪያውን አይቶ። ሰንበት የተቀደሰች ቀን ናት፤ ሆኖም መርከቡ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ደሴቲቱ በሌላ ስም በተጠራች ነበር። ያዕቆብ በቤቴል ሌሊቱን አድሯል፣ ድንጋዩን ተንተርሷል፤ ኮሎምበስ ግን በዶሚኒካ አልወረደም፣ መልሕቅ የሚጥልበት ወደብ ስላጣ አልፏት ሄደ።

ስሙና ሥራው የተጣሉበት ሌላ ቦታ ቬራክሩዝ ነው። የስፔኑ የጦር መሪ ኮርቴስ በ1519 በስቅለት ዓርብ በሜክሲኮ ጠረፍ ደረሰና የመሠረታትን ከተማ የእውነተኛው መስቀል ባለጸጋ ከተማ የሚል ስም ሰጣት። ባለጸጋ የሚለው ቃል ከመስቀሉ ጎን ተሰልፎ መቆሙ የዘመቻውን ሁለት ፍላጎት ያለ ምንም መሸፋፈን ያሳያል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአዝቴኮች ዋና ከተማ ስትፈርስም የትኛው ፍላጎት እንደበረታ ታየ።

በዚያው አህጉር መድኃኔ ዓለምን በስሙ የያዘ አገር አለ፤ ኤል ሳልቫዶር። ዋና ከተማዋ ሳን ሳልቫዶር በ1525 ተመሠረተች፤ አገሪቱ በየዓመቱ ነሐሴ 6 ቀን የምታከብረው ታላቅ በዓል ጌታችን ክብሩን በተራራ የገለጠበት በዓል ነው፤ እኛ ደብረ ታቦር የምንለው መሆኑ ነው። እንግዲህ ደብረ ታቦር የሚባለው የጎንደር ከተማና ኤል ሳልቫዶር የሚባለው የመካከለኛው አሜሪካ አገር በአንድ ወንጌል ገጽ ላይ ይገናኛሉ። የፒፒል ሕዝብ ያንን ምድር የሚጠራበት ኩስካትላን የሚለው ስም ደግሞ ዛሬም ከአገሪቱ አውራጃዎች የአንዱ ስም ሆኖ ይኖራል። በ1554 ኢየሱሳውያን በብራዚል ደጋ ላይ የቅዱስ ጳውሎስ መመለስ በሚታሰብበት ዕለት ቅዳሴ ቀድሰው የመሠረቷት ከተማም ሳኦ ፓውሎ ዴ ፒራቲኒንጋ ትባል ነበር፤ የሐዋርያው ስም ፊት፣ የአገሩ ሰዎች ያወጡት የቦታው ስም ከኋላ። ይህን ዓይነቱን ጥንድ ስም ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በቦታው የኖረ ቅዱስ ራሱ ስም የሆነበት ጊዜም አለ። ሳን ማሪኖ የተባለችው ትንሽ አገር በትውፊት እንደሚነገረው በ301 ከዳልማጥያ ባሕር ዳርቻ መጥቶ በቲታኖ ተራራ ላይ በብሕትውና የኖረ ማሪኖስ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ስም ናት። በጀርመን የሙኒክ ስም ከመነኮሳት የመጣ ሲሆን በከተማዋ ዓርማ ላይም መነኩሴ ይታያል። ነገር ግን በዚህ ነገር ጥንቃቄ ያሻል፤ የሞናኮም ዓርማ መነኮሳት አሉበት፣ የስሙ ሥር ግን ክርስትና ሳይሰበክ የግሪክ ሰዎች ያወጡት ሞኖይኮስ የሚለው ስም ነው። ጆርጂያን በቅዱስ ጊዮርጊስ የተሰየመች አድርጎ የማያስብ ክርስቲያን ጥቂት ነው፤ ሊቃውንቱ ግን የውጭ ሰዎች የሚጠሯትን ይህን ስም ከፋርስ ቋንቋ ይመዝዙታል፤ ሕዝቧም ራሱ አገሩን ሳካርትቬሎ ይላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የዚያች አገር ጠባቂ መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚያ ሲባል ያልተደረገ ታሪክ መጨመር ግን ለቅዱሱ ክብር አይሆንም።

አሁን ወደ ሆሴዕ ልመለስ። በ1741 የልደት ዋዜማ በፔንሲልቫኒያ ጫካ ውስጥ ሞራቪያውያን የሚባሉ ክርስቲያኖች በግንድ በተሠራች አንዲት ቤት ተሰብስበው ነበር፤ ከቤቲቱ ግማሹ የሰዎቹ፣ ግማሹ የከብቶቹ ማደሪያ ነበር። የማኅበሩ መሪ የሆነው ባላባት ዚንዘንዶርፍም አብሯቸው ነበር፤ በዚያ ሌሊት በከብቶቹ አጠገብ ሲዘምሩ ሰፈሩን ቤተ ልሔም አሉት። ይህን ስያሜ ከቤቴል ጎን ለማስቀመጥ አላመነታም፤ ስሙ ከሌሊቱና ከቤቲቱ የወጣ ነውና። እነዚሁ ሰዎች ከሌናፔና ከሞሂካን ሕዝብ ያመኑትን ይዘው በኦሃዮ ምድር ሌላ መንደር መሠረቱ፤ ግናደንሁተን፣ የጸጋ ጎጆዎች ማለት ነው። በመጋቢት 1782 ከፔንሲልቫኒያ የመጡ የጦር ሚሊሻዎች ትተውት የሄዱትን እህል ሊሰበስቡ የተመለሱትን እነዚህን ምእመናን ከበው ያዟቸው። ይሙቱ ወይስ አይሙቱ ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ሞት ተፈረደ፤ የተያዙት ሌሊቱን በጸሎትና በመዝሙር አደሩ፤ ሲነጋ 96 ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱ 39ኙ ሕፃናት ነበሩ። ገዳዮቹ የክርስቲያን ስም የተሸከሙ ነበሩ። መንደሩ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል፤ ለእኔ ያንን ስም እንደያዘ የሚያቆየው የተሰዉት ሰዎች የመጨረሻ ሌሊት ነው።

ከእኛም ታሪክ ይህን የሚመስል ከባድ ስም አለ። ደብረ ብርሃን የተሰየመችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ነው፤ ከታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ በ1456 ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ በዚያም ለብዙ ዓመታት ተቀመጠ። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕሉ ብርሃኑ የታየው በመናፍቅነት የተፈረደባቸው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ መሆኑን፣ ንጉሡም ለፍርዱ የተሰጠ ምልክት አድርጎ እንደተቀበለው ይነግረናል። ይህን ማወቅ የከተማዋን ስም አያጎድፍም፤ ቤተ ክርስቲያኗም በዚያ የተጸለየው ጸሎትም በቦታቸው ናቸው። ግን ስሙን ስንጠራ ስለ ብርሃኑ ብቻ ተናግረን ስለ ተወገሩት ዝም ማለት ማራንና አኬልዳማን በስማቸው የጠራውን መጽሐፍ አለመምሰል ነው።

ቅዱስ ስምን በዐዋጅ መሻር የሞከሩም ነበሩ። የፈረንሳይ አብዮተኞች በ1793 ሳን ደኒ የተባለውን የነገሥታት መቃብር ከተማ ፍራንሲያድ አሉት፤ ጥቂት ዓመታት ቆየና ቀረ። በሶቪየት ዘመን የቅዱስ ሰርግዮስ ገዳም ያለባት ሰርጊየቭ ፖሳድ በ1930 በአንድ ቦልሼቪክ ስም ዛጎርስክ ተባለች፤ በ1991 ወደ ስሟ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በሐዋርያው ጴጥሮስ ስም በ1703 የተመሠረተችው ከተማም ሌኒንግራድ መባሏ አብቅቶ ቅዱስ ጴጥሮስን መልሳ ያዘች። ሰባ ዓመት ገደማ በይፋ ያልተጠራ ስም በሰው ልብ ውስጥ ሳይጠፋ መቆየቱ ሎዛንም ቤቴልንም አንድ ላይ ያስታውሰኛል፤ የተሸነፈ ስም ሁሉ ተደብቆ መኖር ይችላል፣ ቅዱስም ይሁን አይሁን።

በኢትዮጵያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ተብለው ነበር፤ ሁለቱም በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ገደማ ወደ ቀደመ የኦሮምኛ ስማቸው ተመልሰዋል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው በቁጣ ይናገራል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ስም ስሰማ ቅር አይለኝም። ቢሾፍቱና አዳማ የሚሉት ስሞች በቦታው ለኖረው ሕዝብ መልክዐ ምድሩንና ኑሮውን የያዙ ናቸው፤ በይፋ መመለሳቸው ተገቢ ነው። ደብረ ዘይትና ናዝሬት የሚሉትም በዚያ የተጠመቁ፣ የተማሩ፣ የተጋቡ ሰዎች በፍቅር የሚጠሯቸው የሕይወታቸው ክፍል ሆነዋል፤ ዛሬም ከብዙ ሰው አፍ አልጠፉም። በአርመን ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ብርሃናዊ ባየው ራእይ ምክንያት ኤችሚያድዚን፣ ወልድ ዋሕድ ወረደ፣ የተባለችው ከተማ በ1995 በይፋ ቫጋርሻፓት ወደሚለው ጥንታዊ ስሟ ስትመለስ ካቴድራሉ ኤችሚያድዚን እንደተባለ ቀጠለ፤ ሕዝቡም በሁለቱም ይጠራታል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1994 ክፍለ ሀገሩ ክዋዙሉ ናታል ተባለ፤ የዙሉ ሕዝብ ቤት የሚለው ስም ከፊት፣ መርከበኛው በልደት ዕለት ያወጣው ከኋላ ሆኖ ሁለቱ በአንድ መስመር ይጻፋሉ።